የእሑድ ስንቅ

ቅዳሜ ማታ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። ሁለት ኩለሮች፣ የበረዶ ሣጥኖች ማለት ነው፣ አፋቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዶሮው ምድጃው ላይ የመጨረሻውን እሳት እየወሰደ ነው። ልጄ የወረቀት ሳህን ይቆጥራል። ባለቤቴ ግሪሉንና ከሰሉን መኪና ውስጥ ለመጫን ይመላለሳል። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መሃል ቆሜአለሁ። ወረቀቱ አናት ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፦ ክብሪት። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ነገ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ አለ። የሚጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዝግጅት ግን ለጨዋታው አይደለም። ከጨዋታው በፊት ስታዲየሙ ፓርኪንግ ላይ ለምናሳልፋቸው ሦስት ሰዓታት ነው። አሜሪካኖች ቴይልጌት ይሉታል። ስሙ የመጣው ከመኪናው የኋላ በር ነው። የፒክአፕ መኪና የኋላ በር ወደ ታች ሲከፈት ጠረጴዛ ይሆናል። ምግቡ እዚያ ላይ ይደረደራል። ከጎኑ ግሪል ይቀጣጠላል፣ ታጣፊ ወንበር ይዘረጋል፣ ሙዚቃ ይከፈታል። አስፋልቱ ላይ አንድ ሙሉ ሰፈር ይመሠረታል ማለት ይቻላል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰፈሩ ተጣጥፎ መኪና ውስጥ ይገባል።

እኛ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ስታዲየሙ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር የሚባል ቦታ ነው። የዋሽንግተኑ ቡድን ኮማንደርስ እዚያ ይጫወታል። የውድድሩ ወቅት ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፤ በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጨዋታ ለእኔ ሁልጊዜ የዶሮ ወጥ ጨዋታ ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ የሚባል ቦታ አጠገብ ተካሄደ። የዋሽንግተን ሰዎች ምግብ በቅርጫት ይዘው፣ በሠረገላ ተሳፍረው ሊያዩ ወጡ። ብዙዎቹ ሴንተርቪል ላይ ተቀምጠው ጭሱን ከሩቅ ተመለከቱ። ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ ጦር ሲፈታ ተመልካቹ ከሚሸሸው ወታደር ጋር ተደባልቆ መንገዱን ሞላው። ሴንተርቪል ዘመድ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የቴይልጌት መነሻ ነው ሲባል ግን አልወድም። ሰው ሲሞት ለማየት የተቋጠረ ምግብ ስንቅ አይባልም።

እኔ ሌላውን ታሪክ እመርጣለሁ። ቻርልስ ጉድናይት የሚባል የቴክሳስ ከብት ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 የጦር ሠራዊት ጋሪ ወስዶ የኋላውን መሳቢያ ባለው ትልቅ ሣጥን ሞላው። የሣጥኑ ክዳን በማጠፊያ ወደ ታች ይዘረጋና የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይሆናል። ዱቄቱ፣ ቡናው፣ ባቄላው በየመሳቢያው ቦታ ቦታ ነበረው። ከብት እየነዱ ለሳምንታት ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ማታ ማታ ከዚያ ጋሪ ኋላ ተሰብስበው ይበሉ ነበር። የጋሪውን ሥዕል መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ። ያን ጋሪ የሠራው ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የመንገዱን ረሃብ አስቦታል።

የመንገድን ረሃብ አስቀድሞ ማሰብ ደግሞ እናቴን ያስታውሰኛል። እናቴ ቴይልጌት የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ስንቅ ማሰናዳት ላይ ግን የሚበልጣት ሰው አላየሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የምሄደው በአውቶቡስ ነበር። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል። እናቴ የምትጀምረው ግን ከሁለት ቀን በፊት ነው። ገብስ ቆልታ ታስፈጫለች፤ በሶው ይኸውላችሁ። ዳቦ ቆሎውን በትንንሹ ትቆርጣለች። ዋዜማው ላይ ድፎውን በኮባ ሸፍና ትጋግራለች። በርበሬውና ሽሮው በየፌስታሉ ይቋጠራል። ፌስታሉ ላይ ሌላ ፌስታል ይደረባል፤ ከላይ በክር ይታሰራል። ዶርም ደርሼ ያን ቋጠሮ የምፈታው በጥርሴ ነበር።

አንድ ጊዜ ሸክሙ ከበደኝና፣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ብቻዬን መቼ እጨርሰዋለሁ?» አልኳት።

«ብቻሽን ብዪው ማን አለሽ? አጠገብሽ ለሚቀመጠውም ቆጥሬያለሁ።»

«ማን እንደሚቀመጥ በምን አወቅሽ?»

«ሰው ነዋ የሚቀመጠው!» አለችኝ፤ ወደ ክሯ ተመለሰች።

በዚያ ጉዞ አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት እናት ነበሩ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱ። ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው እስከ ደጀን አንድ ቃል አልተናገሩም። ዓባይን ወርደን፣ ወጥተን፣ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ድፎውን ፈታሁት። የኮባው ሽታ አውቶቡሱን ሞላው። ቆርሼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ግማሹን በሉና ግማሹን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «መናኸሪያ ለሚቀበለኝ ልጄ» አሉኝ። እናቴ የቆጠረችው ለአንድ ሰው ነበር። ዳቦው ግን ሦስተኛ ሰው ጋ ደረሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመጀመሪያው ቴይልጌቴ ላይ ስንቁን አበላሸሁት። አሜሪካ በመጣሁ በአምስተኛው ዓመት ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ጋበዙን። ምን ይዘን እንምጣ ብንላቸው «ደስ ያላችሁን» አሉን። እኔም ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ወጡን በመስታወት ሳህን ገልብጬ በፎይል ሸፈንኩት። እንጀራውን ከነፕላስቲኩ ኩለር ውስጥ በረዶ ላይ አጋደምኩት። በረዶ ሁሉን ነገር ይጠብቃል ብዬ ነበር የማስበው።

ስንደርስ የኋላውን በር ከፈትን። ወጡ መንገድ ላይ ዘሞ ፎይሉን አልፎ ወጥቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት የተቁላላው ሽንኩርት የመኪናው ምንጣፍ ውስጥ ገብቷል። ኩለሩን ከፈትኩ። ከታች ያሉት እንጀራዎች የቀለጠውን ውሃ ጠጥተው እንደ ፍትፍት ሆነዋል። ከላይ ያሉትን ቅዝቃዜው ሰብሯቸው፣ ገና ላጥፋቸው ስል ይሰነጠቃሉ። የጋበዙን ሰዎች መኪናቸውን ያቆሙት ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር፤ መገናኘት አልቻልንም። ቢያንስ ሥጋውን እንጥበስ ብለን ከሰሉን ግሪሉ ላይ ደፋን። ያን ጊዜ ባለቤቴ ኪሱን ዳበሰ። እኔ ቦርሳዬን በረበርኩ። ክብሪት የለም። ልጄ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። «ራበኝ» ይላል። እንባዬ መጣ።

ከጎናችን ያቆሙት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ናቸው። ግሪላቸው ፍም ሆኗል። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ በብረት መጫሪያ ፍሙን ዛቅ አድርገው አመጡና የእኛ ከሰል ሥር ጨመሩት። ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። ከሰሉ መንጣጣት ጀመረ።

ልጅ ሆኜ እናቴ «እሳት ጭረሽ ነይ» ብላ ጎረቤት ትልከኝ ነበር። በገል ላይ አመድ አድርጌ ፍም ተቀብዬ እመለሳለሁ። ቅጠል በላዩ ላይ እናደርግበታለን፤ እንዳይጠፋ በሩጫ ነው። ያን ቀን አስፋልት ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሰው እሳት ሲጭርልኝ አየሁ። ያ ሽማግሌ እኛን አስበው አልመጡም። ፍማቸው ግን ለእኛም ተርፏል።

ከመስታወቱ ሳህን የተረፈውን ዶሮ ይዤ ሄድኩላቸው። እንጀራው ስለተበላሸ በራሳቸው ዳቦ አጥቅሰው በሉት። ዕንቁላሉን አንስተው በግርምት አዩት። ባለቤታቸው በርበሬውን ምን ምን ገብቶበት ነው ብለው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓመቱ እዚያው መስመር ላይ እንፈላለጋለን። እኛ ቤት ስማቸው ጋሼ ነው። ልጄም ጋሼ ይላቸዋል፤ አሁን እሳቸውም ለስሙ አቤት ይላሉ።

ጋሼ ሲያወሩ መስማት ነው። ቡድኑ ላንዶቨር የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ከ1961 እስከ 1996 ድረስ ይጫወት የነበረው ከተማው ውስጥ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም ነበር። ጋሼ ያንን ስታዲየም እንደ ሰው ነው የሚናፍቁት። ተመልካቹ ሲዘል መቀመጫው ከእግር ሥር ይወዛወዝ ነበር ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደጋግመው የሚያነሱት ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ነው። የዋሽንግተኑ ዳግ ዊልያምስ ሱፐር ቦውልን፣ የዓመቱን የዋንጫ ጨዋታ፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) የሆነበት ቀን። ዴንቨርን 42 ለ 10። በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ። እዚህ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ላይ ያለው ምግብ ይረሳል። ሚስታቸው ቀስ ብለው ሳህኑን ይቀበሏቸዋል። ስለ ፉትቦል ምንም አላውቅም ነበር። በጋሼ ወሬ ነው የተማርኩት።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ማታ ወረቀት ይዤ ስቆም ክብሪት ቀድሞ ይጻፋል። አንድ ፓኮ አይደለም፤ ሁለት። አንዱ ለሚረሳው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከስህተት ነው የተማርኩት። እንጀራ ከበረዶ ጋር አይገባም። ማታ የተጋገረው በደንብ ይቀዘቅዛል። ትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ጠዋት ጥቅልል ጥቅልል አድርጌ በንጹሕ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ከላይ ፕላስቲክ ይደረብለታል። ለብቻው ቅርጫት አለው። መኪና ውስጥ ቦታው የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ልጄ ጭኑ ላይ የሚይዘው ጊዜም አለ። ጥቅልል የሆነበት ምክንያት ደግሞ አለው። ቆሞ የሚበላ ሰው ትሪ ላይ የተዘረጋ እንጀራ አይመቸውም። አንድ ጥቅልል፣ አንድ ጭልፋ ወጥ፣ በቃ።

ኩለሩ ሁለት መሆን አለበት። አንዱ የመጠጥ ነው። ልጆች በየደቂቃው ይከፍቱታል፤ ብርዱ ይወጣል፣ ይውጣ። ሌላው የምግብ ነው። እሱ እስክንበላ ድረስ አይነካም። ጥሬ ሥጋው ዚፕሎክ በሚባለው አፉ የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገባና ከታች ይቀመጣል። ሰላጣው ከላይ ነው። የሥጋው ደም ሰላጣው ላይ ከወረደ ሰው ይታመማል። የውሃ ጠርሙሶችን ከአርብ ጀምሬ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ። እንደ በረዶ ያገለግሉኛል፤ ሲቀልጡ ይጠጣሉ፤ ምግቡንም አያረጥቡትም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምግብ ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ሙቀት መሃል ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። በሴልሺየስ ከ4 እስከ 60 መሆኑ ነው። አየሩ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። ሴፕቴምበር ላይ ያ አስፋልት ይፋጃል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር አልደራደርበትም። ክትፎ ቤት ይቀራል። ፓርኪንግ ላይ ጥሬም ለብለብም አላቀርብም፤ የፈለገ ቢለምነኝ። ሰው አምኖኝ ነው የሚጎርሰው። ለግሪሉ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ገዝቻለሁ። ዶሮ ከሆነ 165፣ የተፈጨ ሥጋ ከሆነ 160 ፋራናይት ሳይደርስ አይነሳም። ስታዲየም ስንገባ ደግሞ ምግቡ መኪና ውስጥ ይቀራል። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመግባታችን በፊት የቀረውን አያለሁ። በረዶው ካልያዘው እጥለዋለሁ። ምግብ መጣል ያሳምመኛል። ስለዚህ ከመግባታችን በፊት እንዲያልቅ አድርጌ ነው የምበትነው። ጋሼ መስመር ላይ ዶሮ ወጥ የማያውቅ ሰው አሁን የለም።

ወጡን ትኩስ አድርጎ ማድረስ የራሱ ጥበብ ነው። ሦስተኛ ኩለር አለኝ፤ አሮጌ ነው። በረዶ ገብቶበት አያውቅም። ጠዋት የፈላ ውሃ እሞላበትና ክዳኑን ዘግቼ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። ከዚያ ውሃውን ደፍቼ፣ ፎጣ አንጥፌ፣ ከምድጃ ላይ የወረደውን ብረት ድስት በሌላ ፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። ክፍተቱን ሁሉ በፎጣ እጠቀጥቀዋለሁ። ብርድ የሚይዝ ዕቃ ሙቀትም ይይዛል። ይህን ያወቅሁ ቀን ብዙ ዓመት እንደባከነ ተሰማኝ። ድስቱ ክዳኑን በላስቲክ ገመድ ታስሮ ነው የሚገባው። የእናቴ ክር ማለት ነው። መኪና ሲታጠፍ አይፈስም።

መጫኑ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። ስንደርስ መጀመሪያ የሚወጣው ጠረጴዛውና ድንኳኑ ነው። ቀጥሎ ግሪሉና ከሰሉ፤ ከሰሉ እስኪፈም ጊዜ ይፈልጋል። ኩለሮቹ ከውስጥ ናቸው። ጓንት፣ የሥጋ መቆንጠጫ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ሶፍት፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን፣ የቆሻሻ ፌስታል በአንድ ሣጥን። በእጅ ለሚበላ ምግብ የእጅ ውሃው ከምግቡ እኩል ነው። ልጄ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሰው ያስታጥባል። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ከሰሉ ደግሞ ሲያልቅ ዝም ብሎ አይተውም። ውሃ ይደፋበታል፣ ይማሰላል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይደፋበታል። የጋለ ከሰል ሳር ላይ ወይም ፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣለ ሰው የጎረቤቱን መኪና ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ብቻችንን አይደለንም። አራት አምስት ቤተሰብ ሆነናል። አንዷ ሳምቡሳ ታመጣለች፣ አንዷ ሰላጣ፣ አንዱ ውሃና ለስላሳ። አንድ ሰው ደግሞ ምንም እንዳይጠጣ ይመደባል፤ መንዳት የእሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህንን አበሻ ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በጁላይ 4 ሰሞን የሚያዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር ያየ ሰው ይረዳኛል። ሳይነጋገር ምግብ ጭኖ የመጣ ስንት ቤተሰብ አለ! ከትራንክ ላይ የጎረስኩት የማላውቃት እህት ጉርሻ አሁንም አፌ ላይ አለ።

የእኔ ድርሻ ግን ሁልጊዜ ወጡና ቡናው ነው። ቡናውን ቤት አፍልቼ በፔርሙዝ ብወስደው ይቀለኝ ነበር። አንድ ዓመት እንደዚያ አደረግሁ። ማንም አልተቆጣም። ግን ማንም አልተቀመጠም። ሰው ኩባያውን ይዞ እየጠጣ ይሄዳል። ቡና እየተቆላ ሲሆን ነው ሰው ወንበር የሚስበው። በሚቀጥለው ዓመት ትንሿን የጋዝ ምድጃ ያዝኩ። ጀበናውን በፎጣ፣ ስኒውን አንድ በአንድ በሶፍት ጠቅልዬ ረከቦቱን ጭምር ጫንኩ። አስራ ሁለት ስኒ። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ምጣዱን ይዤ በየሰዉ ፊት አዞርኩት። ሁለት መኪና ከእኛ ራቅ ብለው ግሪል ላይ ቋሊማ የሚጠብሱ ወጣቶች ነበሩ። ጭሱን ተከትለው መጡ። አንደኛው ቆብ ነው ያደረገው፤ ጭሱ ሲደርሰው ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አላውቅም። ማንም አላዘዘውም። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠበቁ። በረካ ላይ ሳንደርስ የጨዋታው ሰዓት ደረሰና ሮጡ።

ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ነገሩ ይለወጣል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ኖቬምበር 24 ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ገና ድረስ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ የጾም ናቸው። ቅዳሴ ደግሞ አለ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ነጠላችንን መኪና ውስጥ አጣጥፈን ወደ ላንዶቨር እንነዳለን። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቅዳሜ ማታ ያልቃል፤ መኪናውም ተጭኖ ያድራል።

መጀመሪያ ጾሙ ነገሩን ያከብድብኛል ብዬ ነበር። ያቀለለልኝ ግን እሱ ነው። የጾም ምግባችን ለመንገድ የተሠራ ይመስላል። አዚፋ ቀዝቃዛውን ነው የሚበላው። ሰናፍጩ እንዲያውም ሲያድር ይብሳል። የቲማቲም ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቡቲቻ፤ አንዳቸውም ማሞቅ አይፈልጉም። ቅዝቃዜው ላይ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሌላ ችግር አለው። የዲሴምበር ነፋስ ሲነካው ቅቤው ይረጋል። ሳህኑ ገና እጅ ላይ እያለ ዳር ዳሩ ነጭ ይሆናል፤ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። የጾም ወጥ በዘይት ስለሆነ እንደዚያ አያደርግም። ምስሩን በሞቀው ኩለር ይዤ እሄዳለሁ፤ ክዳኑ ሲከፈት እንፋሎቱ የሰውን መነጽር ይሸፍናል።

ጋሼ ጾም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። አንድ ዲሴምበር ባለቤታቸው የሠሩትን ጎመን አመጡልኝ። የእነሱ ጎመን ከእኛ ጎመን ጋር እህትማማች ነው። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ለረጅም ሰዓት ይበስላል። ግን ባለቤታቸው የሚሠሩት በጭስ ከደረቀ የቱርክ ሥጋ ጋር ነው። መቀበል ነበረብኝ፤ መብላት አልቻልኩም። አሁን እስከ ገና ሥጋም ቅቤም ወተትም እንደማንበላ አስረዳኋቸው። «እስከ ዲሴምበር 25?» አሉኝ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። ብዙ ነው አሉ። ጎመናቸውን ባለቤቴም እኔም ሳንነካው ይዘውት ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ምንም አላሳዩም። እኔን ግን መንገዱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሄደ። የሰው ስንቅ ባዶ እጁን አልመለስኩም፤ ሙሉውን ነው የመለስኩት።

በዚያው ቀን በፕላስቲክ ዕቃ ምስርና አዚፋ ሞልቼ ለሚስታቸው ሰጠኋቸው።

ባለፈው ዲሴምበር ዘግይተን ደረስን። ቅዳሴው ረዘመ፤ መንገዱም ተዘጋግቶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል። ከመኪናቸው ጎን አንድ ቦታ በሁለት ወንበር ይዘውልናል። ልጄ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ወርዶ ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ ድንኳኑን ተከለ። ባለቤቴ ከሰሉን ደፋ። እኔ የሞቀውን ኩለር ላወጣ ጎንበስ ስል ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። እጃቸው ላይ የእኔ ፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ ያች ዳሯ ትንሽ የተሰነጠቀችው። በፎጣ ጠቅልለዋታል። ትሞቃለች።

«ሥጋ የለበትም» አሉኝ ገና ሳልቀበላቸው። «ቅቤም የለበትም። በዘይት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ባለቤቴ ድስቱንም ለየችው።» ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኛ ጾም የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ከጨዋታዎቹ ሰሌዳ ጎን ነው የጻፉት።

ክዳኑን ከፈትኩት። ጎመኑ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ያብለጨልጫል። ቅርጫቱን ገልጬ አንድ ጥቅልል እንጀራ አወጣሁ፣ ዘረጋሁት፣ ጎመኑን መሃሉ ላይ አደረግሁ። ሚስታቸው ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው እያዩኝ ነው። የመጀመሪያውን ጎርሼ ሁለተኛውን ለጋሼ አጎረስኳቸው። ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርምና ደገምኳቸው። ልጄ ማንቆርቆሪያውን ይዞ መጣ።